ሲኤንኢ ለመሄድ ካሰባችሁ፦ የትኛው ሳምንት፣ በየትኛው በር፣ ከማን ጋር?

የካናዳ ብሔራዊ ኤግዚቢሽን፣ እኛ በአጭሩ ሲኤንኢ የምንለው፣ ቶሮንቶ ውስጥ በዓመት 18 ቀን ብቻ ይከፈታል። በነዚህ ቀናት ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው ይገባበታል። ለአብዛኛው ቤተሰብ ግን ጊዜውም ኪሱም የሚፈቅደው አንድ ቀን ነው። መግቢያ አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ ምግብ አለ። ልጆቹ የሚጫወቱበት ደግሞ ለብቻው ይከፈላል። ሦስት አራት ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ቀላል ወጪ አይደለም። ያቺን አንድ ቀን አስቦ መምረጥ ያዋጣል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ሲኤንኢ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሮለር ኮስተርና ጣፋጭ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ለኔ ግን ትልቁ ነገር ግቢው ራሱ ነው። አውደ ርእዩ የተጀመረው በ1879 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አጼ ዮሐንስ 4ኛ በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። ከኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር 78 ሄክታር ላይ የተዘረጋው ይህ ግቢ ከከተማዋ የሚበልጥ ታሪክ ያላቸው ቦታዎች አሉት፤ ሰው ግን ጥብስ ድንች ይዞ አጠገባቸው ያልፋል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው፣ የበዓል ሰሞን የኤግዚቢሽን ማዕከል ባዛርን አስቡት። ከዚያ ላይ የእርሻ ትርኢት፣ የመጫወቻ ሜዳና የመቶ ዓመት ሕንጻዎች ጨምሩበት።

መጀመሪያ ሳምንቱን ምረጡ

ሲኤንኢ የሚዘጋው በሌበር ደይ፣ ማለትም በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ 18 ቀን ስትቆጥሩ መክፈቻው ሁልጊዜ ዓርብ ይውላል፤ ከኦገስት 15 እስከ 21 ባለው ጊዜ ውስጥ። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የፍልሰታ ጾም የሚፈታው ነሐሴ 16፣ በፈረንጅ ኦገስት 22 ነው። ስለዚህ መክፈቻው በየትኛውም ዓመት ጾም ውስጥ ይውላል ማለት ነው። ልዩነቱ የቀኑ ብዛት ነው። በ2025 የተከፈተው ኦገስት 15 ስለነበር የመጀመሪያው ሳምንት በሙሉ ጾም ነበር። በ2026 ግን መክፈቻው ኦገስት 21 ስለሆነ በጾም የሚያልፈው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ፍልሰታን ደግሞ ልጆችም ይጾሙታል። ጾመኛ ልጅ ይዞ፣ አይብና ቅቤ በየዞረበት የሚሸትበት የምግብ አዳራሽ መግባት ልጁን ማሰቃየት ነው። ለሚጾም ቤተሰብ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ከኦገስት 22 በኋላ ሂዱ። የማይጾም ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጥሩ ዕድል አለው። ሰው ገና አልተጥለቀለቀም፤ ሠራተኞቹም አልደከሙም።

ከሁሉም የምመርጠው ከጾም በኋላ ያሉትን የሥራ ቀናት ነው፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ። ሰልፉ አጭር ነው። የህጻን ጋሪ እየገፉ ለመሄድም ቦታ አለ። የመጨረሻው ሳምንት ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ግን ሌላ ዓለም ነው። የአውሮፕላን ትርኢቱ በነዚህ ቀናት ስለሆነ፣ ትምህርት ቤትም በማግስቱ ስለሚከፈት፣ ከተማው በሙሉ ይመጣል። ግርግር የሚወድ ሰው ይደሰትበታል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ባይሄድ ይሻለዋል።

የሥራ ቀን ዕረፍት ማግኘት የማይችል ሰው የመጀመሪያውን ቅዳሜ ያስብ። በዚያን ቀን የቀድሞ ወታደሮች ሰልፍ አለ። ከ1921 ጀምሮ የሚደረግ ነው። የማርሽ ባንዱና ሜዳልያ የደረደሩት ሽማግሌዎች ተሰልፈው ሲገቡ ማየት ለልጆችም ለትልልቆችም ደስ ይላል።

ሙሉ ቀን ወይስ ከሥራ በኋላ?

በሥራ ቀናት ከ11 ሰዓት በኋላ (በእነሱ ከቀኑ 5) ለሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ቅናሽ ያለው ቲኬት ይሸጣሉ። ለባልና ሚስት፣ ለጓደኛሞች፣ ለወጣቶች ይህ ይበቃል። ሙቀቱ ይበርዳል። መጫወቻው ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ይቆያል። አዳራሾቹ ግን ቀድመው ይዘጋሉ፤ እንስሳቱ ደግሞ ከሁሉም ቀድመው። ስለዚህ ልጅ ወይም ወላጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ጠዋት ሲከፈት ነው መድረስ ያለበት።

ማታውን ግን አትናቁት። ይህ ግቢ በኤሌክትሪክ መብራት የደመቀው በ1882 ነው። ያኔ ሰው ቤቱ የሚያበራው በጋዝና በሻማ ነበር። በዚያው አስር ዓመት ውስጥ በግቢው የኤሌክትሪክ ባቡር ተሠርቶ ጎብኚ ያመላልስ ነበር። የቶሮንቶ ሰው ለብዙ ዘመን አዲስ ነገርን መጀመሪያ የሚያየው እዚህ ነበር፤ ቴሌቪዥንንም በ1939 እዚሁ መጥቶ ነው ያየው። ልጆቻችሁ ስልካቸው ላይ ሁሉን ስለሚያዩ ይህ ላይገባቸው ይችላል። መብራቱ ሲበራ ሰው ጭኖ የሚዞረው ትልቁ ጎማ (ፌሪስ ዊል) ላይ አስወጥታችሁ ንገሯቸው።

በየትኛው በር?

መኪና ለመያዝ ያሰበ ሰው ሐሳቡን ቢተው ይሻላል። የፓርኪንግ ዋጋው ይወደዳል፤ መውጫው ላይ ደግሞ ብዙ ያስጠብቃል። ሦስት ጥሩ አማራጮች አሉ።

ከሚሲሳጋ፣ ከኦክቪል ወይም ከፒከሪንግ አካባቢ ለሚመጣ ጎ ትሬን የሚያክል የለም። የሌክሾር ባቡር ኤግዚቢሽን ጣቢያ ላይ ያወርዳችኋል፤ ከዩኒየን ጣቢያ የምትቀጥለው ማቆሚያ ናት። ከጣቢያው ወጥታችሁ ግቢው ውስጥ ናችሁ። ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጆች ለባቡሩ አይከፍሉም።

ዳንፎርዝ ወይም ብሉር አካባቢ ለሚኖር ደግሞ ሳብዌዩን ይዞ ባተርስት መውረድ፣ ከዚያ 511 ስትሪትካር (በመንገድ ላይ የሚሄደውን የከተማ ባቡር) መያዝ ነው። ከዩኒየን ጣቢያም 509 ይመጣል። ዳፍሪን ላይ ያለ ሰው በ29 ቁጥር አውቶቡስ ቀጥ ብሎ ምዕራቡ በር ላይ ይደርሳል። መንገድ ሥራ የማይጠፋበት ከተማ ስለሆነ በዕለቱ መስመሩን ማየት ጥሩ ነው።

በስትሪትካር ለምትመጡ አንዲት ምክር አለችኝ። መጨረሻው ፌርማታ ድረስ አትሂዱ። አንድ ቀደም ብላችሁ፣ ስትራካን መንገድ ላይ ውረዱና በልዑላን በር በኩል በእግር ግቡ። ብዙ ሰው መጨረሻው ላይ ወርዶ በድልድይ ስር፣ በአዳራሾች ጀርባ ይገባል። ግቢው ግን የተሠራው ከፊት ለፊት እንዲታይ ነው።

የልዑላን በር የተመረቀው በኦገስት 1927 ነው። ካናዳ የተመሠረተችበት 60ኛ ዓመት ማስታወሻ ነው። መርቀው የከፈቱት ሁለት የእንግሊዝ ልዑላን ነበሩ። አንደኛው በኋላ ንጉሥ ሆኖ፣ ዓመት ሳይሞላው ለሚወዳት ሴት ብሎ ዘውዱን የተወው ኤድዋርድ ነው። ሁለተኛው ወንድሙ ጆርጅ ነው። መሀል ላይ ትልቅ ቅስት አለ። ከላዩ ክንፍ ያላት የድል ሐውልት ቆማለች። የመጀመሪያዋ ሐውልት ብርድና ዝናብ ስለበላት በ1980ዎቹ በምትኳ ተተክታለች። ከቅስቱ ግራና ቀኝ ምሰሶዎች ተደርድረዋል። ልጆቹን ቁጠሩ በሏቸው፤ በያንዳንዱ ጎን ዘጠኝ ናቸው። በዚያን ጊዜ ካናዳ ዘጠኝ ክፍለ ሀገር ነበራት። አስረኛዋ ኒውፋውንድላንድ የገባችው በ1949 ነው። የዜግነት ፈተና እያጠና ያለ ሰው ካለ ደግሞ ይቺን አንድ ጊዜ አይቶ አይረሳትም።

ምስራቁ ወይስ ምዕራቡ?

ግቢው ሰፊ ስለሆነ ሁሉን አዳርሳለሁ ያለ ሰው እግሩ ነው የሚቀጣው። በጥቅሉ ምስራቁ ትልልቅ አዳራሽ፣ ንግድና ግርግር ነው። ምዕራቡ ዛፍ፣ ሣርና አሮጌ ሕንጻ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ቢኖረኝ የማጠፋው ምዕራቡ ላይ ነው።

እዚያ ስካዲንግ ካቢን የምትባል የግንድ ቤት አለች። ቶሮንቶ ውስጥ ካሉት ቤቶች ሁሉ አሮጌዋ ናት። በ1794 ለጆን ስካዲንግ፣ ለገዢው ሲምኮ ጸሐፊ፣ ዶን ወንዝ ዳር የተሠራች ናት። ወደዚህ ግቢ የመጣችው በ1879፣ በመጀመሪያው አውደ ርእይ ዓመት ነው። ግንዱ በመጥረቢያ ተጠርቦ ጫፍ ለጫፍ ተቆላልፎ ነው የተሠራው። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ የመጥረቢያው አሻራ ይታያል። ውስጧ የእሳት ምድጃና የድሮ ዕቃ አለ። በአውደ ርእዩ ሰሞን የዘመኑን ልብስ የለበሱ በጎ ፈቃደኞች ያስጎበኛሉ። ጠይቋቸው። ማስረዳት ይወዳሉ።

ከቤቷ ትንሽ ራቅ ብሎ ረጅም የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። ፎርት ሩዬ የሚባል የፈረንሳዮች የንግድ ምሽግ የነበረበት ቦታ ነው። በ1750 እና 51 ተሠራ። በ1759 እንግሊዞች ሲያይሉ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው አቃጥለውት ሄዱ። የምሽጉ ግድግዳ ያለፈበት መስመር ሣሩ ላይ በሲሚንቶ ተሠምሯል። ስትቆሙበት የምሽጉን ትንሽነት ታያላችሁ። ቶሮንቶ የምትባል ከተማ ሳትኖር ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

የሆርቲካልቸር ሕንጻ የሚባለው ባለ ጉልላቱ ቤት በ1907 የተሠራ ነው። ከሱ በፊት በቦታው ክሪስታል ፓላስ የሚባል አዳራሽ ነበር፤ በ1906 ተቃጠለ። ይህኛውም የራሱ ሐዘን አለው። በሴፕቴምበር 1949 ኖሮኒክ የምትባል የመንገደኞች መርከብ ቶሮንቶ ወደብ ላይ ሌሊት ተቃጥላ ከ100 ሰው በላይ ሲሞት፣ አስከሬኑ የተሰበሰበው እዚህ ሕንጻ ውስጥ ነበር። ቤተሰብ እየመጣ የወገኑን አስከሬን የለየው እዚህ ነው። ስታልፉ እወቁት።

ግቢው ጦርነትም አሳልፏል። ከ1942 እስከ 1946 አውደ ርእይ አልተደረገም፤ አዳራሾቹ የወታደር ማሠልጠኛና ማደሪያ ሆነው ነበር። በኋላም በኮቪድ ምክንያት በ2020 እና 2021 ተዘግቷል።

ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ

በሰመር ብዙ ሰው እናቱን ወይም አባቱን ከአገር ቤት ያስመጣል። ታዲያ የት እንውሰዳቸው የሚለው ጭንቅ ነው። ናያጋራ ወስዶ ፎቶ ማንሳት ጥሩ ነው፤ ለኔ ግን ሲኤንኢ የተሻለ ነው። ምክንያቱም የእርሻው ክፍል ነው። እዚያ ላም፣ በግ፣ ፍየልና ዶሮ አለ። የእኛ እናቶችና አባቶች እዚህ አገር ሲመጡ ቋንቋውም፣ ስልኩም፣ መንገዱም አዲስ ስለሚሆንባቸው ዝም ይላሉ። ላሟ ፊት ሲቆሙ ግን አዋቂዎቹ እነሱ ይሆናሉ። «ይቺ ግቷ እንዲህ ሆኖ ስንት ሊትር ትሰጣለች?» ብለው ይጠይቃሉ። የልጅ ልጃቸው ያስተረጉማል። ካናዳ ለተወለደ ልጅ አያቱን እንደዚያ ሆና ማየት ትልቅ ነገር ነው።

የቅቤ ቅርጻ ቅርጹንም አሳዩአቸው። ቀዝቃዛ መስታወት ቤት ውስጥ ሠዓሊዎች ከንጹህ ቅቤ ሰውና እንስሳ ይሠራሉ። ቅቤ ለምን እንደሚባክን ከእናታችሁ ጋር መከራከር ሊኖርባችሁ ይችላል።

ሲደክማቸው ባንድሼል ጋ ውሰዷቸው። በ1936 የተሠራ፣ ዛጎል የሚመስል የሙዚቃ መድረክ ነው፤ የተቀዳውም ከሆሊውድ ቦውል ነው። መቀመጫ አለ፣ ሙዚቃው ከመግቢያው ጋር ነው፣ ተጨማሪ አይከፈልበትም። ኮፍያና ውሃ አትርሱ።

መጫወቻው፦ ፓስ ወይስ በነጠላ?

መግቢያ ከፍላችሁ መጫወቻው የሚካተት እንዳይመስላችሁ። ለብቻው ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያጫውት ፓስ አለ፤ ወይ ደግሞ በነጠላ ለያንዳንዱ ይከፈላል። ፓሱን ለሁሉም አትግዙ። ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ልጅ ደጋግሞ ስለሚወጣ ፓስ ያዋጣለታል። አምስት ዓመት ያልሞላው ሁለት ሦስት ነገር ላይ ወጥቶ እንቅልፉ ይመጣል፤ ለሱ በነጠላ ይበቃል። እናንተ ቦርሳ ያዡ ናችሁ፤ ለራሳችሁ አትግዙ።

ፓሱን ከመግዛታችሁ በፊት የልጁን ቁመት ለኩ። ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ አይወጣም፤ ለቅሶው ደግሞ አይጣል ነው። ቲኬቱንም ፓሱንም ቀደም ብሎ ኦንላይን መግዛት ከበር ላይ ይረክሳል። ኳስ ወርውሮ አሻንጉሊት ማሸነፍ የሚባለውን ነገር በተመለከተ፣ ለልጁ አስቀድማችሁ የተወሰነ ብር ስጡትና ሲያልቅ አለቀ በሉት።

ምግቡ

የምግብ አዳራሹ በ1954 የተሠራ ነው። በየዓመቱ ጋዜጣ የሚያወራለት እንግዳ ነገር ይወጣል፤ በ2022 የኬቻፕና የሰናፍጭ አይስክሬም ሸጠዋል። ለመቅመስ አንድ ገዝታችሁ ለአራት ተካፈሉት። ገንዘባችሁን ሳትሰስቱ የምታወጡበት ከፈለጋችሁ ከ1960 ጀምሮ እዚያው የሚጠበሱት የታይኒ ቶም ትንንሽ ዶናቶች አሉ፤ ትኩሱን ብሉ። ሐላል የሚበላ ቤተሰብ በምን ዘይት እንደተጠበሰም ይጠይቅ። ዋናውን ምሳ ግን ከቤት ቋጥሮ መሄድ ያዋጣል። ሣሩ ላይ ነጠላ አንጥፎ ፍርፍር የሚበላ ቤተሰብ ማንም አያስቸግረውም።

የአውሮፕላን ትርኢቱ፦ ከውስጥ ወይስ ከውጭ?

ከ1949 ጀምሮ አውሮፕላኖች ሐይቁ ላይ ይበራሉ። የካናዳ አየር ኃይል ስኖበርድስ ዘጠኝ ሆነው ተጠጋግተው ሲዞሩ ማየት ያስደንቃል። ለዚህ ብቻ ብላችሁ ግን መግቢያ አትክፈሉ። ሰማዩ የሁሉም ነው። ከግቢው በስተምዕራብ ባለው የማሪሊን ቤል ፓርክ ወይም በስተምስራቅ ኮሮኔሽን ፓርክ ቁጭ ብሎ በነጻ ይታያል። ሙሉ ቀን ሊውል የመጣ ሰው ግን እግረ መንገዱን ከውስጥ ይየው።

የፓርኩ ስም ያላት ማሪሊን ቤል ማን እንደሆነች ለልጆቻችሁ ንገሩ። በ1954 ሲኤንኢ አንዲት ታዋቂ አሜሪካዊት ዋናተኛ ኦንታሪዮ ሐይቅን እንድታቋርጥ 10,000 ዶላር መደበላት። የ16 ዓመቷ የቶሮንቶ ልጅ ማሪሊን ሳትጋበዝ፣ ብር ሳይቀርብላት፣ እኔም እዋኛለሁ ብላ ገባች። አሜሪካዊቷ ሳትጨርስ ከውሃው ወጣች። ማሪሊን 21 ሰዓት ገደማ ዋኝታ ከግቢው አጠገብ ወጣች። ሐይቁን በዋና ያቋረጠች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ሽልማቱም ለእሷ ተሰጠ።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ጦርነት አይቶ የመጣ ዘመድ ቤታችሁ ካለ፣ ከትግራይም ይሁን ከአማራ፣ ከኤርትራም ይሁን ከሱዳን፣ አስቀድማችሁ ንገሩት። የጦር ጀቶቹ ከትርኢቱ ቀናት በፊትም ለልምምድ ዝቅ ብለው በከተማው ላይ ያልፋሉ። ድምጹ መስኮት ያንቀጠቅጣል። ነገሩን ያላወቀ ሰው ላይ የሚፈጥረው ድንጋጤ ቀላል አይደለም። ያን ሰሞን ከሐይቁ ራቅ ያለ ዘመድ ቤት ቢያሳልፍ ይሻለዋል።

ጨርሶ ባትሄዱስ?

ወጪው የማይቻል ከሆነ ግቢው በሌላው ጊዜ አለ። ዝግጅት በሌለበት ቀን ገብቶ መንሸራሸር በነጻ ነው። ሕንጻዎቹን በዝምታ ለማየት እንዲያውም ይሻላል፤ ውስጣቸው መግባት ላይቻል ይችላል እንጂ። የልዑላን በርን ፎቶ ማንሳት የፈለገ ሙሽራም ያኔ ነው የሚመጣው።

ዋናው ፍላጎታችሁ እንስሳ ከሆነ ደግሞ ኖቬምበርን ጠብቁ። ሮያል የሚባለው የእርሻ ትርኢት ከ1922 ጀምሮ በዚሁ ግቢ ይካሄዳል። ሲኤንኢ ላይ እርሻው አንድ ክፍል ነው፤ ሮያል ላይ ሁሉም ነገር እርሻ ነው። የከብት ውድድር፣ የፈረስ ዝላይ፣ ትልልቅ ዱባ፣ ሁሉም አለ። ቤት ውስጥ ስለሆነ ብርዱ አይነካችሁም። የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ስለሚውልም ምግቡ አያሳስብም። ሮለር ኮስተር ግን የለም፤ ይህን ለልጆቹ ከቤት ሳትወጡ ንገሯቸው።